ማላብ ክልክል ነው

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብርቱ ክንድ ጂም ጢም ብሎ ሞልቷል። አርባ ሁለቱም ማሽኖች ይሠራሉ። መሮጫው ይሮጣል፣ ማንሻው ያነሣል፣ መጎተቻው ይጎትታል። በእያንዳንዱ ማሽን ክንድ ላይ አንድ አንድ ስልክ በጨርቅ መቀነት ታስሮ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። የስልኮቹ ባለቤቶች ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩት ለስላሳ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ ቦምቦሊኖ ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ የየስልካቸውን ድካም በአድናቆት ይመለከታሉ። ማንም አያወራም። ስልክ በሚሠራበት ሰዓት ማውራት ነውር ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዕለቱ የገና ማግስት ነው።

በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ አጭር ነው። በሰው ስልክ ላይ ጥላ መጣል ክልክል ነው። በሁለት ስልኮች መካከል ማለፍ ክልክል ነው፤ ግድ ከሆነ ጎንበስ ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ይቅርታ የሚጠየቀውም ስልኩ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። የታላቅ ሰው ስልክ ቆሞ እያለ ታናሽ ስልክ ማሽን አይዝም። ከሁሉም ግርጌ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ ማላብ ክልክል ነው፤ ላብ ለስልክ ጠላት ነው።

ያብስራ የገባው አንዲት ሴት ተከትሎ ነው። በሩ ስልክ ያልያዘን ሰው ስለማያይ፣ ስልክ የያዘ ሰው እስኪመጣ ደጅ ቆሞ መጠበቅን ለምዶታል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት፣ ሥራው ሶፋ መስፋት ነው፤ ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ ግን ከወፍራም መርፌ ጋር ሲታገሉ የኖሩ። በብብቱ ሥር ፎጣ ሸጉጧል። ፎጣውን ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ነውር እንዳየ ሰው ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዳ ተቀባይዋ ታንጉት ትባላለች። ፈገግታዋ የሥራዋ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ስልክዎን እዚህ ያስቀምጡልኝ።»

«ስልኬን አልያዝኩም።»

«ረስተውት ነው?»

«ኧረ አልረሳሁትም፤ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

ታንጉት መዝገቧን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። «ታዲያ ማን ሊሠራ ነው የመጡት?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ? በ… በገላዎ?»

«ሌላ ገላ የለኝም፣ ልጄ።»

ወንበር ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሻይ ትን አለው። ታንጉት ግራ ቀኝ ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ያብስራ አልተቆጣም። ቁጣ ከሰው ጋር ሲሆን ይጠቅም ይሆናል፣ ከዘመን ጋር ሲሆን ግን ዕዳው ለራስ ነው ብሎ ያምናል። እርጋታውን ሳይለቅ ጉዳዩን ነገራት።

ሚስቱ ሶሊያና መስከረም አሥር ቀን ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጥሟል፤ እግሯ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ቤታቸው በብሎክ አንድ መቶ አሥራ አራት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ስለ ሊፍቱ በየወሩ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰበውም እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ነው፣ ጸጥ ያለ ክፍል ስለሆነ። ሶሊያና ከወደቀች ጀምሮ መሬት አልረገጠችም። ከሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለምናለች፦ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አውርዱኝ። ሠላሳ ዓመት የዘመረችበት ደጅ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ታቦቷ ስትወጣ ልይ፣ መሬቱን ልርገጥ።

ያብስራ ጎረቤት ለመነ። ድሮ እኮ ሰው ሲታመም መንደሩ ተጠራርቶ ቃሬዛ ያነሣ ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን እየሰጠ ሐኪም ዘንድ ያደርሱ ነበር። በብሎኩ ሁለት መቶ ሠላሳ ብርቱ ሰው በመዝገብ ሰፍሯል። አንዱ «ስልኬ ዛሬ እረፍት ላይ ነው» አለው። ሌላው «ትናንት እግር ስለሠራን ዛሬ የእጅ ቀናችን ነው» አለው። የቀሩት የተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ምስል ላኩ። ያኔ ያብስራ በልጅነቱ አባቱ ከጂም ሲመለስ የሚሸተው የላብ ሽታ ትዝ አለው። ጉልበት የሚገኝበት ቤት አለ አይደል? ወደዚያው መጣ።

«ተሸክሜ ላወርዳት ነው» አለ ለታንጉት። «ጉልበቴን ላበረታ ነው የመጣሁት። ብረት አላችሁ ሲባል ሰምቼ።»

«ብረት?» ታንጉት አሰበች። «ከጓሮ በር የምናስደግፈው አለ።»

መጋዘኑን አሳየችው። ድሮ ሰው ያነሣው የነበረ ብረት አቧራ ለብሶ በየጥጉ ተከምሯል፤ ቁጥሩ በሸረሪት ድር ውስጥ ይታያል። ከመጋዘኑ ጀርባ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ፣ ሰው የማይወጣበት ደረጃ አለ። ታንጉት ሦስት ግዴታ አስገባችው፦ አዳራሹ ውስጥ እንዳያልፍ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ካላበው ደግሞ እዚያው ደርቆ እንዲወጣ።

*

ሶፋ ሰፊ ነውና ከሸራና ከአሮጌ መኪና ቀበቶ ትልቅ አንቀልባ ሰፋ። ሶሊያና አልጋዋ ላይ ሆና መርፌው ሲገባና ሲወጣ እያየች፣ «በስተርጅና አንቀልባ!» ብላ ሳቀች። «እናቴ ብታይ ምን ትል?»

«እሹሩሩ ትልሽ ነበር።»

«አንተ ደግሞ ልትጥለኝ ነው። አውቄሃለሁ።»

«በስተርጅና ባዝልሽ ምን አለበት? ስፌቱን አትናቂ፤ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ይችላል።»

ስልኩ እትራሷ ነው። የእሷው ስልክ የዛን ዕለት አብሯት ወድቆ ስለተሰበረ፣ የያብስራን ስልክ ከመስከረም ጀምሮ ትራሷ ላይ አስቀምጣዋለች። ቀን እሱ ሥራ ሲውል መዝሙረ ዳዊት ያነብላታል፤ ቢጨንቃት ደግሞ ጎረቤት ትጠራበታለች። ያብስራ ያለ ስልክ መዋልን መጀመሪያ እንደ ራቁትነት ቆጥሮት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ረሳው። በአንድ ወሩ የወፎች ድምፅ እንደ ድሮው መስማት ጀመረ፤ ሰው ሲያናግረውም አንገቱን አቅንቶ እስከ መጨረሻው ያደምጣል። ሰዎች ይህን አልወደዱለትም።

በመጋዘኑ ውስጥ አንቀልባውን በብረት ይሞላና ያዝላል። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አምስት ኪሎ አዝሎ አሥር ደረጃ ወጥቶ ተቀመጠ። ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። በማግሥቱ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ደረጃውን የሚቆጥረው በቁጥር አይደለም፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ በአርባ አንድ ነው። ከቤቱ እስከ መሬት አንድ መቶ ሃያ ስድስት ደረጃ አለ። ሦስት ጊዜ አርባ አንድ ይባልና ሦስት ደረጃ ይተርፋል፤ የተረፉት ሦስቱ የሥላሴ ናቸው።

ከጥምቀት በኋላ ሠላሳ አምስት ኪሎ ደረሰ። ትንፋሹ መሰማት የጀመረውም ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት የመጋዘኑ በር ተንኳኳ። የቆመው ደምስሰው ነው፣ የጂሙ አንደኛ። ምስሉ በመግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ በምስሉ ላይ ያለው ግን ስልኩ ነው፣ እሱ ከኋላ ብዥ ብሎ ይታያል። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ጉንጩ ሙሉ፣ መዳፉ ከቂቤ የተሠራ የሚመስል። ሲቀርቡት ክፉ ልጅ አይደለም። ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ ቀስ ብለው ቢተነፍሱ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ስልኬ የእርስዎን ትንፋሽ የእኔ መስሎት ደነገጠ። ሐኪም ልጥራ ወይ እያለ ነው።»

ያብስራ አንቀልባውን አውርዶ ፊቱን በፎጣ ጠረገ። ደምስሰው ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስልክህ ስንት ያነሣል?» አለው ያብስራ።

«ሁለት መቶ አርባ ኪሎ።» ደረቱ ነፋ አለ።

«አንተስ?»

«እንዴት እኔስ?»

«አንተ ስንት ታነሣለህ?»

«ሁለት መቶ አርባ አልኩዎት እኮ።»

ያብስራ የልጁን ፊት አየ። ውሸት ፈለገበት፤ አጣ። ልጁ ከልቡ ነው የሚናገረው። ሲወለድ ጀምሮ ስልኩ የበላውን ሲነግረው፣ የተኛውን ሲነግረው፣ ያዘነበትን ቀን ሳይቀር ሲነግረው ኖሯል፤ ስለ ጉልበቱ ለምን ይዋሸዋል?

«እስቲ ያቺን ከበሩ ሥር ያለችውን አንሣልኝ» አለው ያብስራ። ሃያ ኪሎ ናት።

«ስልኬ አዳራሽ ነው ያለው» አለ ደምስሰው። «ያለ ስልክ ማንሣት ጉልበት ማባከን ነው። ማን ያየዋል?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱስ ያያል» አለ ደምስሰው በትሕትና። «ይመዘግባል ወይ ነው ጥያቄው።»

ያብስራ ሳይወድ ሳቀ። «እንዲያውም ሲመዘግብ ነው የኖረው» ብሎ አንቀልባውን መልሶ አዘለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንፋሹን ለመደበቅ ፎጣውን ነክሶ መሥራት ጀመረ።

የካቲት አሥራ ሦስት ቀን ስድሳ አንድ ኪሎ አዝሎ ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ፣ ወረደ። የሶሊያና ክብደት ስድሳ አንድ ነው። መጋዘኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። ላቡ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ታንጉት አይታው ወልውላ አጠፋችው፣ አለቆቿ ሳያዩ።

*

የካቲት አሥራ አራት ቀን ማታ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ባሮክ ደወሉ። አቶ ባሮክን በአካል ያየ ሰው በብሎኩ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢው ድምፅ ናቸው። ድምፃቸው ከሶሊያና ትራስ ላይ ወጣ።

«አቶ ያብስራ፣ አይነሡ፣ አይነሡ። እንደተኙ ያዳምጡኝ።»

ያብስራ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ሾርባ ያማስላል። «አልተኛሁም» አለ።

«ስልክዎ አልጋ ላይ መሆንዎን እየነገረኝ? ይሁን። ወይዘሮ ሶሊያናን በጋራ ደረጃችን ላይ ሊሸከሙ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ደንቡን ያውቃሉ። ሰው ተሸክሞ የሚወርድ የጉልበት መዝገብ ያለው መሆን አለበት። የእርስዎን ከፈትኩት።» ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «በአምስት ወር ውስጥ የተንቀሳቀሱት አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ከትራስ ወደ ትራስ።»

ሶሊያና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትስቃለች። ያብስራ አልሳቀም። ለኪዳነ ምሕረት ሁለት ቀን ነው የቀረው።

«ስልኩ ነው አልጋ ላይ ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ሚስቴ ዳዊት ታዳምጥበታለች። እኔ በየቀኑ መጋዘን ገብቼ…»

«ማን መዘገበው?»

ያብስራ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ተወው።

«አቶ ያብስራ፣ ለእርስዎ ክፉ አስቤ አይደለም። አልጋ ላይ ያለ ሰው አልጋ ላይ ያለን ሰው እንዴት ይሸከማል? ሰው መድበንላችኋል፤ ደምስሰው ነው፣ ባለ ሁለት መቶ አርባው። ያለ እሱ ደረጃው ላይ ብትገኙ ግን በሩ አይከፈትም። ደህና እደሩ። ይማርዎት።»

ድምፁ ከትራሱ ላይ ጠፋ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ሶሊያና። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። «ያብሥ፣ ከቀረ ይቅር። እንዳትጣላ። እመቤቴ እዚሁም ትሰማኛለች።»

«እሷማ ትሰማሻለች» አለ ያብስራ። «አንቺ ነሽ መሬት ልርገጥ ያልሽው።»

*

የካቲት አሥራ ስድስት ቀን ደምስሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከታች ተነሣ፤ ሰባተኛ ፎቅ የደረሰው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ጓደኞቹ ስልካቸውን ወደ እሱ አቅንተው ተከትለውታል፤ በየፎቁ እያረፉ ስለ እረፍቱም ንግግር አድርገዋል። የእሱ ስልክ ደረቱ ላይ ታስሯል። ከደረቱ የአቶ ባሮክ ድምፅ እንኳን አደረሳችሁ አለ።

ሶሊያና ነጭ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ልጅ ሊያዝላት መሆኑ አሳፍሯታል፤ ሆኖም አንቀልባውን ስታጠብቅ ዓይኗ ይበራል። ያብስራ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ የልጁን ትከሻ በመዳፉ ነካና፣ «ቀጥ ብለህ አትነሣ። በጉልበትህ ተነሥ እንጂ በወገብህ አትነሣ» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አሠልጣኝም ነኝ» አለ ደምስሰው።

ተነሣ። አልተነሣም። እንደገና ሞከረ፤ የግንባሩ ጅማት ተገተረ። በሦስተኛው ያብስራ ከኋላ ደግፎት ቆመ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ከበሩ ወጣ። አንድ ደረጃ። ሁለት። ሦስት። በአራተኛው የደረጃውን መደገፊያ ብረት በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ። ሶሊያና ጀርባው ላይ ሆና አብራው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለችው በጆሮው።

ደምስሰው አገጩን ወደ ደረቱ ደፍቶ ስልኩን ያያል። «ሁለት መቶ አርባ ነው የሚለው» አለ። «አሁንም ሁለት መቶ አርባ ነው የሚለው።» ድምፁ እናቱን ገበያ ውስጥ ያጣ ሕፃን ድምፅ ነው። ጓደኞቹ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አንደኛው ብቻ ረስቶ መቅረጹን ቀጠለ።

ያብስራ ቀበቶዎቹን መፍታት ጀመረ።

«አቶ ያብስራ!» አለ ደረቱ። «ደንብ! ተሸካሚው የተመዘገበ መሆን አለበት ብያለሁ። የታችኛውን በር እዘጋዋለሁ።»

ያብስራ እጁ ቀበቶው ላይ ቀረ። አርባ ስድስት ቀን ያዘለው ብረት፣ የነከሰው ፎጣ፣ ሲሚንቶ ላይ የቀረ ላብ፣ ሁሉም አንድ በር ፊት ቆመ። ቁጣ እስከ ጉሮሮው መጣ። ዋጠው። ሲውጠው ደግሞ የሶሊያና ድምፅ ከልጁ ጀርባ ላይ ተሰማ።

«አቶ ባሮክ፣ የተመዘገበው ማነው? ልጁ ነው ወይስ ስልኩ?»

«እንደ ደንቡ ጥብቅ ቃል ከሆነ… ስልኩ ነው» አሉ አቶ ባሮክ።

«እንግዲያው ስልኩ ይሸከመኛ። ባሌ እንዲሁ ከሥር ይሁን።»

አቶ ባሮክ አሰቡ። ደንቡን ሲያገላብጡ ይሰማል። «ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «የሚከለክል አንቀጽ የለም።»

የደምስሰው ስልክ በያብስራ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ያብስራ ተንበረከከ፣ በስመ አብ አለ፣ ሶሊያናን አዘለና በጉልበቱ ተነሣ። ቀላል አልነበረችም። ብረት አይንቀሳቀስም፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ይፈራል፣ ነጠላውን ያስተካክላል። ትንፋሿ አንገቱን ሲነካው ግን ብረቱ ያልነበረው ነገር ጉልበቱ ውስጥ ገባ። ቆጠራውን ከአምስት ጀመረ። አራቱ የልጁ ናቸው፤ ድካሙን አይቀማውም።

«ግሩም ነው፣ ደምስሰው!» አለ አንገቱ ላይ ያለው ስልክ። «የልብ ምትህ የአንበሳ ነው!»

ደምስሰው ከኋላ ብረቱን ተደግፎ ይከተላል። «ሰማችሁ?» አላቸው ጓደኞቹን፣ ፊቱ ትንሽ በርቶ።

ስድስተኛ ፎቅ። አምስተኛ። ሰዎች በራቸውን ገርበብ አድርገው ስልካቸውን ብቻ አወጡ፤ በየበሩ አንድ አንድ እጅ ይታያል፣ ፊት የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያብስራ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ፎጣ አልነከሰም። ትንፋሹ ደረጃውን ሞላው፤ ከአንዱ በር «ኧረ ነውር ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ደክሞሃል? አውርደኝ» አለች ሶሊያና።

«እሹሩሩ» አለ ያብስራ፤ ጀርባው ላይ ስትስቅ ሳቋን በአከርካሪው ሰማው።

ሦስት ጊዜ አርባ አንድ አለቀ። የቀሩትን ሦስት ደረጃዎች አንድ በአንድ፣ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ብሎ ወረደ። በሩ ተከፈተ። ስልኩን ከአንገቱ አውልቆ ለባለቤቱ መለሰለት። ደምስሰው ስልኩን አየ፤ ስድሳ አንድ ኪሎ፣ ሰባት ፎቅ፣ አዲስ ክብረ ወሰን። ጓደኞቹ ሊያነሡት ሞከሩ፤ ስላልቻሉ ከበውት ዘለሉ።

ከብሎኩ በር ወዲያ ማንም ያላነጠፈው ደረቅ መሬት አለ። ሶሊያና ቀኝ እግሯን ጫማዋን አውልቃ አሳረፈችበት። ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ነው።  ጣቶቿ አፈሩን ቆነጠሩት። ያብስራ ከሥሯ እንደተንበረከከ፣ ላቡ ከአገጩ ጫፍ ወርዶ እግሯ አጠገብ ሲንጠባጠብ አየው። ማንም አልወለወለውም።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ታቦቷ ስትወጣ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት በባሏ ጀርባ ላይ ሆና እልል አለች። ስልክ ያልያዙ ሁለት እጆቿ ወደ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ አንድ መቶ ሃያ ስድስቱን ደረጃ ያብስራ በየፎቁ እያረፈ ወጣው። ማንም አልከለከለውም። ደንቡ የሚያወራው ስለ መውረድ ብቻ ነው።

*

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ያብስራ ሲከፍት ደምስሰው መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ቆሟል ማለት ይከብዳል። ከንፈሩ ደርቋል። ደረቱ ላይ ስልኩ ይብለጨለጫል።

«ግባ፣ ልጄ። ውሃ ልስጥህ።»

ደምስሰው ብርጭቆውን ባንድ ትንፋሽ ጨርሶ እንደገና ጨለጠ። «የብሎኩ ተሸካሚ ሆኜ ተሾሜያለሁ» አለ። «በክብረ ወሰኑ ምክንያት። ስም ዝርዝር ተሰጥቶኛል፤ አልጋ ላይ በቆዩበት ቀን ብዛት ነው የተደረደሩት።» አንገቱን ደፋ። «አንደኛው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። መቶ ሃምሳ ስምንት ቀን። ለሕክምና ላወርድዎት ታዝዣለሁ።»

ከመኝታ ቤቱ የሶሊያና ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁ ጋር የስልኩ ድምፅ ዳዊት ያነባል። ያብስራ ወደዚያ አየ። ስልኩን ከትራሷ አንሥቶ ኪሱ ቢከተው፣ አሥር እርምጃ ቢራመድ፣ ከስም ዝርዝሩ ይወጣል። መዝሙሩ ግን ገና አላለቀም። ተወው።

ደምስሰው ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። እንዲህ ሲያደርግ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ወደ ያብስራ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ» አለ። «እንዴት እንደምወርድ አላውቅም።»

ያብስራ ከወንበሩ ጀርባ ፎጣውን አንሥቶ በልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት።

«ይሄ ለምንድነው?»

«መጋዘኑ ስንደርስ ታውቀዋለህ።»

በብብቱ ደግፎ አነሣው፣ ክብደቱን በግራ ትከሻው ተቀበለና ከደረጃው አፋፍ ላይ በስመ አብ አለ። አንድ ደረጃ ወረዱ። ሁለት። ደምስሰው እጁን ከስልኩ ላይ አነሣ፤ ብረቱን ሊይዝ።

«ግሩም ነው፣ ደምስሰው!» አለ ስልኩ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሰባቱም ፎቅ እስኪሰማ። «ታማሚው ከእጅህ አይወድቅም። አንተን የመሰለ ተሸካሚ ለሁሉም ይስጠው!»

ያብስራ ልማድ ሆኖበት «አሜን» አለና ሦስተኛውን ደረጃ ወረደ።